ዘበኛውን ማን ይፈትነው? የኔትወርክ ጥበቃ መሣሪያ ማልዌር የመያዝ ብቃቱ እንዴት ይለካል

የግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ «ሌባ አሳልፌ አላውቅም» ቢላችሁ ወዲያው አታጨብጭቡ። የመጣውን ሁሉ የሚመልስ ከሆነ እውነትም ሌባ አያልፍም፤ ተማሪም ግን አይገባም። ፋየርዎልና መሰል መሣሪያዎችም እንደዚያው ናቸው። «99 በመቶ ማልዌር እይዛለሁ» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፀዳ ግቢ በአንድ ቀን 10,000 ፋይል ገባ እንበል። 10ሩ ማልዌር ናቸው። መሣሪያው 9ኙን ያዘ፤ ጎበዝ! ነገር ግን ከ100 ንጹሕ ፋይል አንዱን በስህተት ይጠረጥራል። ከ9,990 ንጹሕ ፋይሎች ውስጥ 100 ያህሉ በከንቱ ተያዙ ማለት ነው። በድምሩ 109 ማንቂያ ጮኸ፣ እውነተኛው 9 ብቻ። ባለሙያው ከቀናት በኋላ ማንቂያውን ማየት ቢሰለቸው ይገርማል? አደገኛው ፋይል የሚያመልጠው ያኔ ነው። ስለዚህ የያዘውም፣ ያመለጠውም፣ በሐሰት የከሰሰውም አብረው ይለካሉ።

ፈተናውስ በምን ይሰጣል? ቀላሉ ኢካር የተባለው ፋይል ነው። 68 ምልክቶች ያሉት፣ ምንም ጉዳት የሌለው ጽሑፍ ሲሆን የጸረ ቫይረስ አምራቾች እንደ ቫይረስ ሊቆጥሩት ተስማምተዋል። እሱን መያዝ ግን መሣሪያው እንዳልተኛ ብቻ ያሳያል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፈተና ነው።

ከባዱ ያልታወቀው ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፍላሽ ማሻሻያ በመምሰል በኢሜይል ሊንክ የመጣ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደነበሩ አሳይቷል። እንዲህ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚላክ ማልዌር በየቦታው ስለማይዞር መለያው በመሣሪያው መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል።

ለዚህ ነው ጥሩ ፈተና ከዋናው ኔትወርክ በተነጠለ ላብራቶሪ የሚሠራው። ከመሣሪያው የመጨረሻ ማሻሻያ በኋላ የተገኙ ናሙናዎች ከንጹሕ ፋይሎች ጋር ይቀላቀላሉ። ከፊሉ ተመስጥሮ ይላካል፤ ምስጢሩን የማይፈታ መሣሪያ ውስጡን ማየት አይችልምና። ኔትወርኩ ሲጨናነቅም ይሞከራል።

እንግዲህ መሣሪያ ሊገዛ ሲል ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንቱን ያዘ? ስንቱን በሐሰት ከሰሰ? የተፈተነው በምን ነበር? ሦስተኛው ካልተመለሰ የሁለቱ ቁጥሮች ትርጉም አይታወቅም።