ውሃ የሚጠጣው ጀልባ

የአራዳ ልጅ ስለ ጀልባ ልጻፍ ሲል ሳቅ ያስነሣል፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርድ ውሃ ቢኖር የሐምሌ ጎርፍ ብቻ ነው። ጀልባ ማየት የፈለገ ከፒያሳ ተነሥቶ፣ የጎጃምን መንገድ ይዞ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ባሕር ዳር መግባት አለበት። እዚያ የሞተር ጀልባው ገዳም ጎብኚዎችን ጭኖ ሲያጓራ፣ ከጎኑ አንድ ሰው ዘንግ ይዞ፣ እንጨት ቆልሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። የተቀመጠበት የደንገል ታንኳ ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ቢሉት አያምንም። ዳር ዳሩ ረግረግ በመሆኑ ደንገል ይበቅልበታል፤ ደንገሉ ከሰው ቁመት በእጥፍ ይበልጣል። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ አየር የሞላበት ነጭ ለስላሳ ነገር ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው በዚሁ አየር ነው።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በረጃጅም ጥቅል እየታሰረ፣ ጥቅሉ ከጥቅል ጋር በልጥ እየተጠፈረ ወለልና ጎን ይወጣለታል፤ ጫፉ ተቆልምሞ ወደ ላይ ይቀናል። ምስማር የለ፣ ቅጥራን የለ። ውስጡ ጭነቱ እንዳይርስ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይነጠፍበታል። የእጅ ጥበቡ ያለው ማሰሩ ላይ ነው፤ የላላ እስር ማዕበል ሲመጣ ይጋለጣል። በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ነገደ ወይጦ ናቸው። ጎረቤቱ በታንኳቸው እየተሻገረ፣ በቅርጫታቸው እየተገለገለ፣ እነሱን ግን ለዘመናት ሲያገል ኖሯል።

ለንጽጽር ያህል፣ በሌላው ዓለም የመዝናኛና የእሽቅድምድም ክለቦች የሚጠቀሙባቸው ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ የተመረተው ጄይ 24 ነው፤ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ከምናምን ሲሆን ከ5,000 በላይ ተሠርቷል። ሁሉም በአንድ ንድፍ ስለሚወጡ ያሸነፈ ሰው በገንዘቡ ሳይሆን በችሎታው አሸነፈ ይባላል። ከጀልባው ሆድ በታች የወረደው ከባድ እርሳስ ነፋስ ሲያጋድለው መልሶ ያቀናዋል። ታንኳ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ ሸራም የለውም። በቀላሉ የማይገለበጠው ሰፊ ስለሆነና ገላው ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። ባለሸራው ጀልባ ውሃ ከገባው ጉድ ነው፤ ታንኳ ግን ውሃ እንዳይገባው ተብሎ አልተሠራም። ቀስ እያለ ይጠጣል፣ ቀስ እያለ ይከብዳል። ለዚህም ከሥራ ሲመለስ ዳር ላይ ጎትተው ያደርቁታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነው። ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል።

የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነበር። ሠሪዎቹን ግን ከቻድ ሐይቅ አስመጣ። «ራ» ያላት ጀልባ ግብፅ ውስጥ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነሣች፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ረግቦ ካሪቢያን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች «ራ 2»ን ሠሩ፤ ይህቺ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የሁለተኛዋም ደንገል ኢትዮጵያዊ ነበር። የጣና ሠሪዎች አለመጠራታቸው ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ዛሬ የታንኳው ችግር ባለሞተሩ ጀልባ ብቻ አይደለም። ረግረጉ ሲታረስ፣ ከተማው ወደ ዳር ሲገፋ ደንገሉ ይሸሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የተባለ አረም ደግሞ የቀረውን ዳርቻ ያፍናል። ያም ሆኖ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

በባሕር ዳር በጥር በዓላት ሰሞን የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ተካሂዶ ያውቃል። ውድድሩ እውነተኛ እንዲሆን ከተፈለገ የታንኳዎቹን ዕድሜ ማየት ይበቃል፤ የወር ታንኳ የጠጣው ውሃ ክንደ ብርቱውን ቀዛፊ ከትናንት ታንኳ ኋላ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሰሞን ከታጨደ ደንገል፣ በአንድ ልክ፣ ለውድድሩ ብቻ ይታሰሩ። ወጪው ለሠሪዎቹ ይከፈላል፤ አዘጋጆቹም ደንገሉ ከየት እንደሚታጨድ ዳርቻውን ዞረው መፈለግ ይኖርባቸዋል።