ሻጋታ፣ ከባድ ብረትና የአቃቂ ውኃ

በአዲስ አበባ ያደግን ሁሉ የአቃቂን ወንዝ እናውቀዋለን። የፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ፣ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ አትክልቱም ለከተማዋ ገበያ ይቀርባል። በሞጆም የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ስለሆነ፣ ቆዳው ሳይወስደው የቀረው ከውኃው ጋር ይወጣል።

እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና መሰሎቻቸው ከሌላው ቆሻሻ የሚለዩት ባለመበስበሳቸው ነው። የሰገራንና የምግብን ትራፊ ባክቴሪያ በልቶ ይጨርሰዋል፤ እርሳስን የሚፈጭ ሆድ ግን የለም። ስለሆነም ውኃውን ማጽዳት ማለት ብረቱን አውጥቶ ሌላ ስፍራ ማኖር ማለት ነው። የተለመደው ዘዴ ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ ሲሆን፣ ብረቱ ሲበዛ ደኅና ይሠራል፤ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ሲቀር ግን ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው መመሪያ ደግሞ በሊትር ለካድሚየም 3፣ ለእርሳስ 10 ማይክሮግራም ነውና፣ በዚያ «ጥቂት» መርካት አይቻልም።

የፈንገስ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የፈንገስ ሕዋስ ቅጥር የጥንዚዛ ቅርፊት በተሠራበት በካይቲንና በሌሎች ውሑዶች የተገነባ ነው። በእነዚህም ላይ ያሉት የአሚን፣ የካርቦክሲልና የፎስፌት ቡድኖች አዎንታዊ ሙል ያላቸውን የብረት አዮኖች ስበው ይይዛሉ። ጼዞስና ቮለስኪ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ሪዞፐስ አሪዙስ የተባለው ሻጋታ በአንድ ግራም ከ180 ሚሊግራም በላይ ዩራኒየም እንደሚይዝ አሳይተዋል። ልብ ይባል፤ ሻጋታው የሞተ ነበር። ሕይወት ያለው ፈንገስ ምግብ ይሻል፣ መርዙም ይገድለዋል፤ የሞተው ከሁለቱም ተገላግሏል።

ጥሬ ዕቃውም ውድ አይደለም። ሲትሪክ አሲድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አስፐርጊለስ ናይጀርን በገፍ ይጥላሉ። ለአገራችን የሚቀርበው ግን፣ ኀይሉ ከሪዞፐስ ቢያንስም፣ የቢራ ፋብሪካ እርሾ ይመስለናል፤ አተላ መሆኑ ነው።

ችግሩ ከቤተ ሙከራ ሲወጣ ይጀምራል። ደቃቁ ዱቄት ማጣሪያውን ስለሚደፍን በቅድሚያ ወደ ጠጠር መሰል እንክብል መለወጥ አለበት። የውኃው አሲድነትም ወሳኝ ነው። አሲዱ ሲበረታ የሃይድሮጅን አዮኖች የብረቱን ቦታ ይቀማሉ። ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ግን አሉታዊ ሙል ስላለው በተቃራኒው በአሲዳማ ውኃ ይያዛል፤ ሻጋታውም መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ባለ ሦስት ቫለንሲ ይለውጠዋል።

የተያዘው ብረት በአሲድ ታጥቦ ሲወጣ ሻጋታው ዳግም ያገለግላል። ይሁንና አሁን በእጃችን ያለው መጠኑ ያነሰ፣ መርዙ የጠነከረ ፈሳሽ ነው። ክሮሚየሙን መልሶ ለቆዳ ማልፊያ ማዋል ይቻል ይሆናል፤ ካድሚየሙና እርሳሱ ግን ዝናብ የማይደርስበት፣ የሚጠበቅ ማከማቻ ይሻሉ። ደግሞም ማጣሪያው የሚያጸዳው ከፋብሪካው ቧንቧ የሚወጣውን ውኃ እንጂ፣ በአቃቂ ዳር ለዓመታት ብረት የጠጣውን የጎመን መሬት አይደለም።