ዘይቱን ከፀሐይ አንሡት

ካምባ ከተማ ሱቅ ስቆጣጠር ቶሎ የማየው ደጅ ላይ የተደረደረውን የዘይት ጠርሙስ ነው። «ከፀሐይ አንሡልኝ» እላለሁ። አንዲት ነጋዴ እናት፣ «ልጄ፣ ፀሐይ በርበሬ ታደርቃለች እንጂ ዘይትን ምን ታደርገዋለች?» አሉኝ። ጥያቄው ከልቤ አልወጣም።

የአገራችን ኑግ ዘይት 70 በመቶ ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ሁለት ድርብ ቦንዶች ስላሉት በቀላሉ ይለወጣል። በደንብ ባልተጣራ ዘይት ውስጥ የቀረው ክሎሮፊል ብርሃኑን ይውጥና ጉልበቱን ለኦክስጅን ያስተላልፋል፤ እንዲህ የነቃ ኦክስጅን ሊኖሌይክ አሲድን የሚያጠቃው ከተራው ኦክስጅን ከሺህ እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ዘይቱ ይጎፈንናል። ቫይታሚን ኤ ተጨምሮበት ከሆነም ቫይታሚኑ በብርሃን ይመናመናል።

የሚገርመኝ ይኸው ብርሃን ጥቅምም መሥራቱ ነው። በአሜሪካ አርካንሶ ዩኒቨርሲቲ እነ አንድሪው ፕሮክተር የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይት ላይ ጥቂት አዮዲን ጨምረው አልትራቫዮሌት ብርሃን አበሩበት። አዮዲኑ በብርሃኑ ይሰነጠቅና የሊኖሌይክ አሲዱ ድርብ ቦንዶች ቦታ እንዲለውጡ፣ እንዲቀራረቡም ያደርጋል። ውጤቱ ሲኤልኤ የሚባለው ፋቲ አሲድ ነው፤ ከዘይቱ 20 በመቶ ገደማ እስኪሆን ድረስ አግኝተዋል። አዮዲኑ በኋላ ተጣርቶ ይወጣል።

ሲኤልኤ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በላም ጨጓራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል፤ ደጋ ላይ የሚናጠው ቅቤያችን ውስጥም በጥቂቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማይክል ፓሪዛና ባልደረቦቹ በአይጦች ቆዳ ላይ ዕጢን እንደሚቀንስ አሳዩ። በሰው ላይ የታየው ጥቅም ግን እስካሁን አነስተኛና ወጥ ያልሆነ ነው። በብርሃን የሚገኘው ሲኤልኤም በአብዛኛው ቅርጹ ከቅቤው ይለያል። ስለዚህ «መድኃኒት ዘይት» ብሎ የሚሸጥ ቢመጣ አልፈቅድም። ቤት ውስጥ አዮዲን ጠብ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣትማ ዘይቱን ከማበላሸት በቀር ትርፍ የለውም፤ ለጤናም አደገኛ ነው።

ሥራው የላቦራቶሪ ነው፤ የእኛም ላቦራቶሪዎች ሊይዙት ይገባል እላለሁ። ከውጭ የሚገባው ፓልም ዘይት ሊኖሌይክ አሲዱ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ኑግ ግን በዚህ አሲድ ከአኩሪ አተርም ይበልጣል። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች የምጠብቀው አንድ የተጣራ የኑግ ዘይት ናሙና በአዮዲንና በብርሃን ፈትነው፣ ስንት ሲኤልኤ እንደወጣው፣ ስንት አዮዲን እንደቀረበት፣ ከዚያስ ስንት ሳምንት ሳይጎፈንን እንደቆየ እንዲለኩ ነው።