ለሳሎናችን ምን ዓይነት ድምፅ ማጉያ እንግዛ?

ቴሌቪዥን እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ድምፁም አብሮ ቀጥኗል። ከኋላዋ ትልቅ ሆድ በነበራት በድሮዋ ቴሌቪዥን ውስጥ ለስፒከር የሚሆን ሰፊ ቦታ ነበር። ዛሬ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ውስጥ ግን ስፒከሮቹ ትናንሽ ከመሆናቸውም በላይ ብዙውን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ያዞሩ ናቸው። ስለሆነም ምስሉ ቁልጭ ብሎ እየታየ ንግግሩ በውል የማይሰማበት ቤት በዝቷል።

በቀወት ወረዳና በይፋት ቆላ ችግሩ ይብሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,300 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሞቃት ናት። ቴሌቪዥን የሚታየው መስኮት ተከፍቶ፣ ቬንትሌተር እየዞረ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የቆርቆሮው ጩኸት ይጨመርበታል። አያት “ምን አለ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጅ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ይጨምራል፤ አያት አሁንም አልሰሙም፤ ጎረቤት ግን ሳይፈልግ ሰምቷል።

እንዲህ ባለ ቤት ማሾው ተሸጦ ወይም ከዐረብ አገር ጥቂት ገንዘብ ተልኮ እጅ ሲገባ ልጆች የሚያነሡት ሐሳብ የታወቀ ነው። “አምስት ስፒከር ከነቤዙ እንግዛ” ይላሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በውስን ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ በሳጥኑ ብዛት ከተመረጠ ገንዘቡም ይባክናል፣ አያትም እንደተቸገሩ ይቀራሉ። በመሆኑም ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ሳሎን ምን እንደሚበቃው አብረን እንመልከት።

ሰራውንድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰራውንድ የሚባለው ድምፅ አድማጩን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚከብብ ነው። በካርቶኑ ላይ 5.1 ተብሎ ሲጻፍ 5 የስፒከሮቹን ቁጥር፣ ከነጥቡ በኋላ ያለችው 1 ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ቤዝ ታመለክታለች። ከአምስቱ ሁለቱ ከፊት በቀኝና በግራ፣ አንዱ ከቴሌቪዥኑ ሥር በመሐል፣ የቀሩት ሁለቱ ከተቀማጩ ግራና ቀኝ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ይቀመጣሉ። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ነው።

ይህ አሠራር የተወለደው በሲኒማ ቤት ነው። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940 ፋንታዥያ የተባለውን ፊልም ሲያሳይ ፋንታሳውንድ በተባለ ዘዴ ድምፁን በአዳራሹ ዙሪያ አሰምቶ ነበር። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው የ5.1 ድምፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ባትማን ሪተርንስ ከተሰኘው ፊልም ጋር ወደ ሲኒማ ቤት ገባ፤ ኋላም በዲቪዲ አማካይነት በመኖሪያ ቤቶች ተዛመተ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ፤ በሲኒማ ቤት ሰው ሁሉ በረድፍ ተቀምጦ ፊቱን የሚያዞረው ወደ አንድ ግድግዳ ነው።

መጅሊስ ሲኒማ ቤት አይደለም

በእኛ ሳሎን የአቀማመጡ ሥርዓት ሌላ ነው። ፍራሽና ትራስ የተደረደረበት ዐረቢያን መጅሊስ ሦስቱን ግድግዳ ይዞ ይዘረጋል። ሶፋ ያለበት ቤትም ቢሆን ወንበሩ ግድግዳውን ተደግፎ ዙሪያውን ይቀመጣል። ክፍሉ የተዘጋጀው ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት እየተያየ እንዲጫወት ነው። አራት በአራት በሆነ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የኋላ ስፒከር ሲሰቀል የአንዱ እንግዳ ጆሮ ሥር ይወድቃል። እንግዳው ንግግሩን ትቶ ከበስተኋላ የሚመጣውን የመኪናና የነፋስ ድምፅ ሲያዳምጥ ያመሻል። አምስቱም ስፒከሮች እኩል በሚሰሙበት በመሐሉ ቦታ ላይ የተቀመጠው ረከቦቱ ብቻ ነው!

ሁለተኛው ጉዳይ የድምፁ ምንጭ ነው። በሳተላይት የምናያቸው የአገራችን ጣቢያዎች፣ በፍላሽ ተቀድቶ የሚደመጠው መንዙማ፣ ቁርኣንና ዳዕዋ በአብዛኛው የሚመጡት በሁለት መሥመር፣ ማለትም በቀኝና በግራ ነው። ከድሮ ካሴት የተገለበጡት ብዙዎቹማ በሁለቱም በኩል የሚያሰሙት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ሁለት ሆኖ የመጣውን ርካሹ ማጉያ ለአምስት ቢያካፍለው ያንኑ ከማባዛት በቀር አዲስ ነገር አይጨምርም። በትክክል ለአምስት ስፒከር የተዘጋጀ ድምፅ የሚገኘው ከዲቪዲና ከብሉሬይ እንዲሁም በክፍያ በኢንተርኔት ከሚታዩ ፊልሞች ነው።

በዋት አትታለሉ

ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው የዋቱን ቁጥር ነው። በርካሽ ዕቃዎች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፒኤምፒኦ የተባለው ቁጥር አንድ ወጥ መለኪያ የሌለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ዕቃው ሳያቋርጥ ሊያወጣው የሚችለውን ኃይል ነው። የታወቁ ፋብሪካዎች እንኳ ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ። ለምሳሌ ሎጂቴክ ዜድ506 የተባለው ባለ 5.1 ዕቃ ለቅጽበት የሚደርስበት 150 ዋት ተብሎ ሲጻፍ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግን 75 ዋት ነው።

ከዚህም ሌላ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ የድምፁ ልክ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። አራት በአራት ለሆነ ሳሎን ለእያንዳንዱ ስፒከር እውነተኛ 20 ወይም 30 ዋት ካለ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለሰርግ ካልሆነ ለሳሎን አይደለም።

አያት ለምን አይሰሙም?

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። “ስ”፣ “ሽ”፣ “ፍ” የሚለዩት በዚሁ በቀጭኑ ድምፅ በመሆኑ ሽማግሌው ሰው መናገሩን ይሰማሉ፤ “ሰማ” ይበል “ሸማ” ግን አይለዩም። ቤዙን መጨመር ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም ወፍራሙ ድምፅ ንግግሩን ይሸፍነዋል። የሚሻለው ቤዙን መቀነስ፣ ትሬብል የሚባለውን ትንሽ ከፍ ማድረግና አንዱን ስፒከር ወደ አያት መቀመጫ ማቅረብ ነው። ከዚህ የምንረዳው ለቤተሰብ የሚሆን ማጉያ የሚመዘነው ንግግርን አጥርቶ በማሰማቱ መሆኑን ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ምርጫችን ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ከነማጉያቸው፣ ቢቻል ደግሞ የራሱ መቀነሻ ካለው አነስተኛ ቤዝ ጋር ነው። በአንድ ዋጋ አምስት ደካማ ሳጥን ከመግዛት ሁለት ጠንካራ መግዛት ይሻላል። ቦታ ለጠበበበት ቤት ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ሳውንድ ባር ይስማማል፤ ለንግግር የተለየ የመሐል ስፒከር ካለው የበለጠ ጥሩ ነው።

አምስቱን መግዛት የሚያዋጣው ተቀማጮች በአንድ ረድፍ ቴሌቪዥኑን የሚያዩበት ክፍል ላለውና ፊልም አዘውትሮ ለሚያይ ቤተሰብ ነው። ያን ጊዜም ዕቃው ዶልቢ ዲጂታልን ራሱ የሚፈታ መሆኑን አረጋግጡ። ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኘው በኦፕቲካል ወይም ኤአርሲ በሚባለው የኤችዲኤምአይ መግቢያ መሆን አለበት። ሎጂቴክ ዜድ906 እና ሶኒ ኤችቲ ኤስ20አር ይህን ያሟላሉ። ከቴሌቪዥን በቀይና ነጭ ገመድ ብቻ የሚያያዝ ዕቃ ግን የሚቀበለው ሁለት መሥመር ብቻ ነው።

ሱቅ ስትገቡ

ሸዋሮቢትም ግዙ መርካቶ፣ የምታውቁትን ድምፅ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ለማስደመም የሚያሰማችሁን ዘፈን ትታችሁ የሰው ንግግር አስከፍቱ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ቃላቱ ይለዩ እንደሆነ ስሙ፤ ከዚያ ከፍ አድርጉና ሳጥኑ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ድምፁም እንዳይሻክር አጢኑ። ምንም ሳይከፈት “እም…” የሚል ካለ ዕቃውን መልሱት።

ቀጥሎ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ግን ለረጅም ዘመን በቤት ውስጥ የኖረው 127 ቮልት በመሆኑ፣ ዘመድ ከዚያ ያመጣው አሮጌ ዕቃ 110 ወይም 127 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ አያሠጋም። በመጨረሻም ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ።

ቤት ከገባ በኋላ

በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት ከእነርሱ እስከ ተቀማጩ ካለው ርቀት ጋር ቢቀራረብ መልካም ነው። ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል፤ በመጅሊስ ላይ ይህ ከወለሉ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የገመዱን ቀይ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ዕቃው የተበላሸ ይመስላል። ቤዝ ማዕዘን ውስጥ ሲወሸቅ ስለሚያጓራ ትንሽ ወደፊት አውጡት። ባዶ የሲሚንቶ ወለልና ግድግዳ ድምፅን ስለሚያስተጋባ ምንጣፉ፣ መጋረጃውና የመጅሊሱ ትራስ ያለ ተጨማሪ ወጪ ንግግሩን ያጠሩታል።

በቆላ ሙቀት ማጉያው አየር ይፈልጋል። ለጌጥ የተዘረጋበትን ዳንቴል አንሡለት፤ አቧራውንም በየጊዜው ጥረጉ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚገባው ኃይል ያልተረጋጋ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩ።

የጎረቤት ሐቅና የልጆች ጆሮ

ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያግደው ወፍራሙ ግን ዘልቆ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ለስላሳ የሆነው ቤዝ አጥር ለአጥር ለምንዋሰነው ጎረቤት ድብደባ ነው፤ በተለይ መስኮት ተከፍቶ በሚታደርበት አገር። ከዒሻ በኋላ ቤዙን መዝጋት፣ ከሥሩም ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ ቀላል ነገር ነው። በጎረቤት የታመመ፣ አራስ ወይም ለፈተና የሚያጠና ልጅ ካለ ደግሞ ሳይጠየቁ መቀነስ ይገባል። የጎረቤት ሐቅ በኛ ደስታ አይጣስም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ለልጆች ደግሞ ለዚያው ሰዓት 75 ዴሲቤል እንዲሆን ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ90 ዴሲቤል ለአዋቂ የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። መለኪያ ለሌለው ቤት ምልክቱ ይህ ነው፦ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ለማነጋገር ከጮኻችሁ ድምፁ በዝቷል።

ውድ አንባብያን፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የሳሎናችሁን መቀመጫዎች ቁጠሩ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ከመካከላቸውም መስማት የሚቸግረው ማን እንደሆነ እዩ። ስፒከሩ ለእርሱ ከተመረጠ ለሌላው ሁሉ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚተርፈውን ገንዘብ የልጆች ደብተር ይፈልገዋል፤ ያለ ጥቅም ማውጣት ኢስራፍ ነውና።

አላህ ቸር ያሰማን።