«አሜባዬ ተነሳ» የሚባለው ሁሉ አሜባ አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በተለይ ከደቻቱ ወዲያ ማዶ መጋላ፣ ሰው ስለ ሆዱ ሲያወራ አያፍርም። «አቦ ዛሬ አሜባዬ ተነሳብኝ» ይላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ሰው «ድርቀት ሊገድለኝ ነው» ይላል። ሰኞ ይደርቃል፣ ረቡዕ ይቀጥናል፣ ዓርብ እንደገና ይደርቃል። በመካከሉ መነፋቱ፣ የሆድ ጩኸቱና ቁርጠቱ አለ። ለድርቀቱ ሰናመኪ ይፈላል፤ ለተቅማጡ መድኃኒት ቤት ተሄዶ ፍላጂል ይገዛል። እንዲህ እያሉ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የገፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሁለት በሽታ ያለባቸው ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሽታው አንድ ነው።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ የተማረው ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ነገር ግን ማስረጃ ሳይቀርብበት በየወሩ የሚፈረድበትን አሜባ ጉዳይ መመርመር ለሕግ ሰው እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ሐኪሞች «ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም» ወይም በአጭሩ አይ ቢ ኤስ ይሉታል፤ በእኛ «ቁጡ አንጀት» ብንለው ያስኬዳል። አንጀቱ ሲታይ ቁስል የለውም፣ እብጠት የለውም፤ ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሮም አራት» የሚባለው የሐኪሞች መመዘኛ እንደሚለው፣ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም ሊኖር ይገባል። ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር የተያያዘ፣ ወይም ከሰገራው ቁጥርና መልክ መለወጥ ጋር አብሮ የሚመጣ መሆን አለበት፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ከተሟሉ ይበቃል። ጅማሬው ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈው መሆን ይኖርበታል። ከሰገራው ከሩብ በላዩ ደረቅ፣ ከሩብ በላዩ ደግሞ ቀጭን የሆነበት ሰው «ተቀያያሪ» በሚባለው ዓይነት ውስጥ ይመደባል። የመጋላው ወዳጃችን እዚህ ላይ ነው ያለው።

መቀያየሩ እንዴት እንደሚመጣ ለማወቅ የትልቁን አንጀት ሥራ ማየት ይበቃል። ከትንሹ አንጀት በቀን አንድ ሊትር ተኩል የሚያህል ፈሳሽ ይረከባል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሲኒ ወይም ሁለት ሲኒ የሚሆነውን ብቻ ትቶ ሌላውን ወደ ሰውነት ይመልሳል። ጉዞው ሲዘገይ ውኃው ከመጠን በላይ ይመጠጥና ሰገራው እንደ ፍየል በጠጥ ይሆናል። ጉዞው ሲፈጥን ደግሞ ውኃው ሳይመጠጥ ይወጣል። ቁጡ አንጀት እንግዲህ ፍጥነቱን መያዝ ያቃተው ሹፌር ነው።

እኛ ደግሞ አንዴ ነዳጅ፣ አንዴ ፍሬን እየረገጥን እናግዘዋለን። ሰናመኪ የጠጣ ሰው አንጀቱ ተጠርጎ ይወጣል። ባዶ የሆነ አንጀት እንደገና እስኪሞላ አንድ ሁለት ቀን ምንም ባይወጣው ተፈጥሯዊ ነው። ሰውየው ግን «ይኸው ደረቅኩ» ይልና ሌላ ሰናመኪ ያፈላል። የተገላቢጦሹም አለ። ለቀናት የተጠራቀመ ደረቅ ሰገራ መንገዱን ሲዘጋው፣ ከኋላ ያለው ፈሳሽ በጎንና ጎኑ እየሾለከ ይወጣል። ይህን ተቅማጥ ብሎ የማገጃ ክኒን የሚውጥ ሰው ዋናውን ድርቀት ያጠብቀዋል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ጥሬ ሥጋ ያመጣባቸውን ትል ለማውጣት ነበር፤ ምክንያት ነበራቸው። ያለ ትል ሆድን ማጠብ የምን ልማድ እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

አሁን ወደ ተከሳሹ እንምጣ። በእኛ አገር አንድ ሰው ሆዱን ሲታመም ሰገራው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ «የአሜባ እንቁላል ተገኝቷል» ይባላል፤ መድኃኒት ይታዘዛል። እውነታው ግን እንዲህ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ የሆኑ ሁለት አሜባዎች አሉ። ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ የሚባለው አንጀትን የሚያቆስል፣ ጉበት ድረስ የሚዘልቅ ክፉ ነው። ኢንታሜባ ዲስፓር የሚባለው ግን ሰው ሆድ ውስጥ ኖሮ ምንም የማይነካ ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም በእኛ አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ እስረኞችና ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተወሰደ ናሙና በዘረመል ምርመራ ሲለዩ በብዛት ያገኙት ምንም የማይጎዳውን ነው። ስመ ሞክሼ ሰው በወንጀለኛው ፋንታ እንደታሰረ ቁጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅትም ሁለቱ እንዲለያዩ፣ ዲስፓርም እንዳይታከም ከመከረ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ፍላጂል ማለትም ሜትሮኒዳዞል መልካም መድኃኒት ነው፤ በቦታው። ያለ ቦታው ሲወሰድ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ያቅለሸልሻል፣ ራሱ ያስቀምጣል። ደጋግመው ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት የእጅና የእግር ነርቭ እስከ መጉዳት ይደርሳል። ከመጠጥ ጋር እንዳይወሰድ የሚለውን ማስጠንቀቂያ በጨብሲ ሰዓት የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ ሕግ አለን፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ ክኒኑ ግን በፍሬ እየተቆጠረ ይሸጣል።

ይህ ማለት አሜባና ጃርዲያ የሉም ማለት አይደለም። አሉ፤ ሲኖሩም መታከም አለባቸው። ጉዳዩ ከታከሙ በኋላ የሚቀረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖርዌይ ከተማ በርገን የቧንቧ ውኃዋ በጃርዲያ ተበክሎ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሐኪሞች ሲጠይቁ፣ በምርመራ ጃርዲያ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 46ቱ የቁጡ አንጀት ምልክት ነበረባቸው፤ ካልታመሙት መካከል ግን ከመቶ 14ቱ ብቻ። ጥገኛው ተገድሏል፤ አንጀቱ ግን ከድንጋጤው አልወጣም። ያንን ድንጋጤ «አሜባው አልለቀቀኝም» ብሎ በክኒን ማባረር የሞተን ሰው ደጋግሞ እንደመክሰስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውኃ። ድሬ ከባሕር ጠለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሰው የጠጣውን በላብ ይጨርሳል። የእንግሊዝ የጤና ተቋም (ናይስ) እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ በቀን ቢያንስ ስምንት ኩባያ ፈሳሽ፣ ሻይና ቡና ደግሞ ከሦስት ኩባያ እንዳይበልጥ ይመክራል። ያ ለለንደን አየር ነው፤ ለመጋላ ይጨመርበታል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሽንትዎ እንደ ገለባ የነጣ ከሆነ ይበቃዎታል፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ አልጠጡም። ውኃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ይጠጣ። ለስላሳ ግን ውኃ አይደለም፤ ጋዙ ይነፋል፣ ስኳሩ ያቀጥናል። ተቅማጡ በበረታበት ቀን አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ከማንኛውም ማገጃ ክኒን ይቀድማል። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚተው «አንጀት የሚያደርቀው እሱ ነው» የሚሉ አሉ። ቅርፊቱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ማግኒዥየም ደግሞ ከሆነ የሚያላላ እንጂ የሚያደርቅ አይደለም።

ማድረቅ ካልቀረ ስለ ጫት እንነጋገር። ይከልከል አይከልከል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ከአወዳይ በሚመጣው ጫት ስንት ቤት እንደሚተዳደር መጋላ የኖረ ያውቃል። ነገር ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን አንጀት ያጠብቃል፤ ካቲኖን የሚባለው ቅመም ደግሞ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ከበርጫ በፊት ቅባት የበዛበት ምሳ በገፍ ይበላል፤ እራት ይዘለላል ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ይበላል፤ በመካከሉ በስኳር የተሞላ ሻይና ለስላሳ አለ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ለማላላት የግመል ወተት። ያልለመደውን ሰው የግመል ወተት እንዴት እንደሚያደርገው መናገር አያስፈልግም። ይህ ሁሉ በአንድ አንጀት ላይ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሲፈራረቅ አንጀቱ ባይቆጣ ይገርም ነበር። መተው ያቃተው ሰው ቢያንስ ቀኑን ይቀንስ፣ እራቱን በሰዓቱ ይብላ፣ ለስላሳውን በውኃ ይተካ።

ቀጥሎ ቃጫ ያለው ምግብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ለድርቀት ፉርሽካ ብላ» የሚል ምክር ከተማውን ሞልቶታል። ቃጫ ግን ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ፉርሽካ ያለው ውኃ ውስጥ የማይሟሟው አንጀትን እየፈተገ ይሄዳል፤ ለቁጡ አንጀት ይህ ቁስል ላይ ጨው ነው። የሚሟሟው ዓይነት ግን ውኃ ይዞ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ደረቁን ያለሰልሳል፣ ቀጭኑን ያወፍራል። ለሚቀያየር አንጀት የሚፈለገውም ይኸው ሁለቱንም ጫፍ ወደ መሐል የሚስብ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ 275 ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው ለ12 ሳምንታት ሲታዩ፣ ሲሊየም የተባለው የሚሟሟ ቃጫ የተሰጣቸው ተሻላቸው፤ ፉርሽካ ከተሰጣቸው መካከል ግን ሕመሙ ብሶባቸው ያቋረጡ ብዙ ነበሩ።

ሲሊየም ባይገኝ ከፊራ ገበያ ተልባ አለ። ተልባ ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣው የሚያሙለጨልጨው ነገር ያ የሚሟሟ ቃጫ ነው። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሮ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማድረስ ነው፤ ከበቂ ውኃ ጋር። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ብርጭቆ የጠጣ ሰው ሆዱ ከበሮ ሆኖ «ተልባም አልተስማማኝም» ይላል። አጃም ከዚሁ ወገን ነው፤ በረመዳን የሚፈላው የአጃ ሾርባ ለእንዲህ ዓይነት ሆድ ከሳምቡሳው እጅግ ይሻላል። ፆመኛ ደግሞ ውኃውን በአፍጥርና በሱሁር መካከል ከፋፍሎ ይጠጣ፤ በአንድ ትንፋሽ የተጠጣ ሁለት ሊትር በሽንት ይወጣል እንጂ አንጀት ጋ አይደርስም።

በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያስፋፉት «ሎው ፎድማፕ» የተባለ የአመጋገብ ዘዴም አለ። ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጣቸውን፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ እየፈሉ ጋዝና ውኃ የሚያበዙ የስኳር ዓይነቶችን መቀነስ ነው። ዝርዝሩን ሲያዩት ለኛ ሰው ልብ የሚሰብር ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ወተት፣ ማንጎ። ሽንኩርት ተዉ ማለት ወጥ ተዉ ማለት ነው። ደግነቱ ነገሩ የመጠን ነው። ቁሌቱ በሽንኩርት የታጨቀ ወጥ ጠርጎ መብላትና ከላዩ ጥቂት መጥቀስ አንድ አይደለም። የሐረርጌ ማሽላ እንጀራ ከስንዴ ዳቦና ከፓስታ ይልቅ ለዚህ ሆድ ይመቻል። ስፕሪስ ሲታዘዝ ማንጎውን አስቀርቶ ፓፓያ ማስጨመር ይቻላል። ወተት የሚያስቸግረው እርጎ ይሞክር። የጠዋቱን ባጂያና ፉል ግን ለአራት ሳምንት ማቆምና ማየት ይጠቅማል። ከስድስት ሳምንት በላይ ግን ሁሉንም ከልክሎ መኖር አያስፈልግም፤ አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መለየት ነው። ክሱ በጅምላ አይሁን። ለከሳ ሰውና ለሕፃን ይህ ዘዴ ያለ ባለሙያ አይሞከርም።

ጭንቀት የአንጀትን ፍጥነት እንደሚለውጥ ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ ያውቃል፤ ችሎት ሊሰየም ሲል ፍርድ ቤት መጸዳጃ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ማየት ነው። ይህ ግን ሕመሙ «የሐሳብ» ነው ማለት አይደለም። አንጀትና አንጎል በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሕመሙም እውነተኛ ሕመም ነው።

አሁን የማይቀለድበት ነገር። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ ትኩሳት ካለ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ደም ማነስ ከተገኘ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ወይም ነገሩ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ ተልባውን ትቶ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደሚቀርብ ሆስፒታል መሄድ ነው። በእኛ አገር የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም አለ፤ «አሜባ ነው» እየተባለ ከዘገየ ዋጋው ከባድ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዞ መሄድ ይረዳል፤ በየቀኑ ምን ተበላ፣ ስንት ብርጭቆ ተጠጣ፣ ጫት ነበር ወይ፣ ሰገራው ደረቅ ነበር ወይስ ቀጭን።

አንድ ነገር ግን በተልባም በማስታወሻም አይፈታም። ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ላይ ተቀምጣ አትክልት የምትሸጥ ሴት ውኃ ጠጪ ብትባል «ጠጥቼ የት ልሽና?» ትላለች። በአካባቢዋ ንጹሕና በር ያለው መጸዳጃ ከሌለ አለመጠጣቷ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። የመጣባትንም ይዛ ትውላለች፤ ተይዞ የዋለ ሰገራ ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ሲብስም ከላይ እንዳልነው በጎን ይሾልካል። ለገበያ ቦታ ኪራይና ግብር የሚሰበስበው አካል ለአንድ መደብ ስንት መጸዳጃ እንደሠራ ቢጠየቅ ከመድኃኒት ቤቱ ጋር እኩል ይመለከተዋል።