ኮርቻው ለምን ይሰምጣል?

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ብስክሌት ይበዛባቸዋል። ሠራተኛው በብስክሌት ይሄዳል። ተማሪውም በብስክሌት ይሄዳል። እኛ አስተማሪዎች በማታው ክፍል ስለ ብስክሌት ብልሽት ስንጠይቅ ይህ መልስ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ኮርቻው አልቆም አለ። ስንቀመጥበት ቁልቁል ይወርዳል።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ቀላል አይደለም። ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል። በየቀኑ እንዲህ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን ያመዋል። ኮርቻው መንገድ ላይ ድንገት ቢወርድ ወይም ቢዞር ሚዛን ያስታል። ከኋላ ደግሞ መኪና አለ።

አንዳንድ ሰው ሲመረው ኮርቻውን ያስበይደዋል። በቃ፣ አይወርድም። ግን ከፍና ዝቅም አይልም። አንድ ብስክሌት ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጠዋት አባት ወደ ሥራ ይሄድበታል። ከሰዓት በኋላ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድበታል። ማታ እናት ወደ መሠረተ ትምህርት ትሄድበታለች። የተበየደ ኮርቻ ለአንዱ ይሆናል፤ ለሌሎቹ አይሆንም። እንግዲህ ሳንበይድ እንጠግነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ኮርቻውን ከታች የተሸከመ ብረት አለ። እዚህ «ዘንግ» እንበለው። ዘንጉ የሚገባው በብስክሌቱ ቧንቧ ውስጥ ነው። ቧንቧው ከላይ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁን ከውጭ የከበበ ማጥበቂያ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ላይ ያለውን ቡሎን ስናጠብቅ ስንጥቁ ይጠባል። ቧንቧውም ዘንጉን ጨምቆ ይይዛል። ዘንጉ የሚቆመው በዚህ ጭመቃ ነው።

ታዲያ የሚወርደው ለምንድን ነው? ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ቆሻሻ። አቧራና አሮጌ ግሪስ ዘንጉን ያሟልጩታል። ዘንጉን እናውጣው። ጨርቅ በላምባ ነክረን ዘንጉንም የቧንቧውን ውስጥም እንጥረግ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እናድርቅ። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለን እንፈግፍግ። መልሰን ስናስገባ ዘንጉን በጣም ስስ ግሪስ ብቻ እንቀባው። ይህ ብረቱ ዝጎ እንዳይጣበቅ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ቡሎኑ። ጥርሱ የተበላ ቡሎን ቢያዞሩት ቢያዞሩት አይጠብቅም። ቡሎኑንና ዳዶውን አብረን እንለውጥ። ዋጋቸው ከአዲስ ዘንግ ያንሳል። አዲሱን ቡሎን ጥርሱ ላይ ዘይት እናስነካው። ዘይት ሲነካው በደንብ ይጠብቃል። ግን በረጅም ቁልፍ በኃይል አንጠምዝዘው። እንዲያ ከሆነ አዲሱም ጥርሱ ይበላል።

ሦስተኛ፣ የልክ አለመግጠም። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ቡሎኑን ካጠበቅን በኋላ ስንጥቁን እንየው። የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ከተነካኩ ቧንቧው ከዚያ በላይ ሊጠብ አይችልም። ዘንጉ ለቧንቧው ቀጥኗል ማለት ነው። እንግዲህ ጉልበተኛ ቢመጣም ኮርቻው አይቆምም።

እዚህ ላይ ማንበብ ይጠቅመናል። ብዙ ዘንጎች ከታች ጫፋቸው አካባቢ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። 25.4 ወይም 26.8 ወይም 27.2 ሊሆን ይችላል። ይህ የዘንጉ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ነጥቧን አንዝለላት። 27.0 እና 27.2 በዓይን አይለዩም። ልዩነታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ነው። ይህቺ ትንሽ ልዩነት ግን ኮርቻውን ታሰምጠዋለች።

ስለዚህ ወደ መለዋወጫ ሱቅ በግምት አንሂድ። የድሮው ባለቤት የተሳሳተ ዘንግ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል ጠጋኙ የቧንቧውን ውስጥ ይለካልን። ከዚያ ልክ የሆነውን ቁጥር ጽፈን እንያዝ። ሻጩ ሌላ ሲሰጠን «ይሄ አይደለም» እንበለው። የወፈረ ዘንግም በመዶሻ አይገባም፤ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል።

ገንዘቡ እስኪገኝ ጊዜያዊ መፍትሔ አለ። ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ እንቁረጥ። ጠርዙ ስለሚቆርጥ እጃችንን እንጠብቅ። ዘንጉን አንድ ዙር ብቻ እንጠቅልለው፤ ጫፎቹ አይደራረቡ። የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ እንጠፈው፤ ወደ ቧንቧው እንዳይሰምጥ። የቆርቆሮው ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሁለት ጎን ሲሆን ዘንጉን 0.2 ያወፍረዋል። ሚስማር ወይም እንጨት ግን አንሸጉጥ። ቧንቧውን ያበላሻሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዘንጉ ላይ የተሰመረ መስመር አለ። መስመሩ ከቧንቧው ውጭ መታየት የለበትም። ከታየ ዘንጉ ወይም ቧንቧው ሊሰበር ይችላል። መስመር ከሌለው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።

በመጨረሻ ከፍታውን እናስተካክል። ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ተረከዛችንን ታች ባለው ፔዳል ላይ እናሳርፍ። እግራችን ቀጥ ካለ ልክ ነው። ከዚያ ዘንጉ ከቧንቧው በሚወጣበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እናድርግ። አንድ ቀን ነድተን ምልክቱን እንየው። ከቦታው ካልተነቃነቀ ሥራው ተሳክቷል።

ጥያቄዎች

1. ስንጥቁ ተዘግቶ ኮርቻው የሚወርድ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው?
2. 26.8 እና 27.2 በስንት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ?
3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ብስክሌት ካለ የዘንጉን ቁጥር አንብቡ። ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ።