የጋራ ሸመታ በእጅ በእጅ ሽያጭና በግልጽ ሒሳብ ይጸናል

ገበሬው ምርቱን በብዛት ወደ ገበያ የሚያወጣው በታኅሣሥና በጥር፣ የእህል ዋጋ በሚረክስበት ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ራሱ ሸማች ይሆናል። ጨው፣ ስኳርና ዘይትም ከገበያ በጥቂት በጥቂቱ እያስለካ ስለሚገዛ፣ ጆንያ ሙሉ ከሚገዛው ሰው የበለጠ ዋጋ ይከፍላል። ይህን ችግር ለማቃለል ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን አዋጥተው የሚመገቡትን በጅምላ መግዛታቸው ነው። ይሁን እንጂ የማኅበር ሱቅ የሚዘጋው ዕቃ በማጣት ብቻ አይደለም፤ በዱቤና በሒሳብ ጉድለትም ይዘጋል። ስለሆነም የማኅበር መሪዎች አባላትን ገንዘብ ከማስዋጣታቸው በፊት አሠራሩን ማጤን ይገባቸዋል።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የተካሄደው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በዚያች ከተማ ተከፍቶ የነበረው የጋራ ሱቅ በዱቤ ይሸጥ ስለነበር ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844፣ 28 ሰዎች ተባብረው በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም በማጠራቀም ሌላ ሱቅ አቋቋሙ። ከአባላቱ በርከት ያሉት ሸማኔዎች ነበሩ። ሱቁ ታኅሣሥ ውስጥ ሲከፈት የነበረው ዕቃ 3 ኩንታል ያህል የስንዴ ዱቄት፣ 25 ኪሎ ያህል ስኳር፣ 13 ኪሎ ያህል ቅቤ፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ብቻ ነበር። በመጀመሪያ የሚከፈተውም በሳምንት ሁለት ምሽት ነበር።

ይህ ትንሽ ሱቅ የጸናው በደንቡ ነው። ሽያጩ በእጅ በእጅ ሆነ፤ ዕቃው ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ ሚዛኑም ትክክለኛ እንዲሆን ተደረገ፤ ያዋጣው ገንዘብ ቢበዛም ቢያንስም እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ተሰጠው፤ ትርፉም አባሉ ከሱቁ በገዛው መጠን ተከፋፈለ። በአንድ ዓመት ውስጥ አባላቱ 74 ሲደርሱ እ.ኤ.አ. በ1860 ደግሞ 3,450 ሆኑ።

በአገራችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል እንደሚያመለክተው መተባበር አዲስ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና የመሳሰሉትን ለአባላት ያከፋፍሉ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ብዙዎቹ ፈረሱ፤ በየቦታው መጋዘናቸው የተዘረፈም አለ። አባሉ በፈቃዱ ያልገባበትንና የእኔ ነው የማይለውን ማኅበር በክፉ ቀን የሚጠብቅለት እንደማይኖር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አጀማመሩ

የመጀመሪያው ተግባር የእያንዳንዱን ቤት ፍጆታ መመዝገብ ነው። ይህን አጥርታ የምታውቀው የቤት እመቤቷ ስለሆነች፣ ሴቶች በስብሰባውም ሆነ በኮሚቴው ውስጥ መኖር አለባቸው። ለምሳሌ ያህል 40 ቤተሰቦች በወር 2 ኪሎ ተኩል ስኳር ቢፈልጉ በድምሩ 1 ኩንታል ይሆናል። እያንዳንዳቸው 1 ሊትር ተኩል ዘይት ቢፈልጉ ደግሞ ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን ይበቃል። በዚህ ዓይነት ከሦስት ወይም ከአራት ዕቃ ባልበለጠ መጀመር ይመረጣል። ዋጋም ቢያንስ ከሦስት ነጋዴዎች ተጠይቆ በጽሑፍ መያዝ አለበት። የዕድር ገንዘብ ለሐዘን ቀን የተቀመጠ በመሆኑ ለዚህ ሥራ መነካት የለበትም።

የአባላቱ ቁጥርና ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ማኅበሩ በሕግ እንዲታወቅ ወደ ወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መመዝገብ ይኖርበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 በ2009 ዓ.ም. የወጣው ይህን የመሰለውን ጉዳይ ለመደንገግ ነው።

ዋጋና ሒሳብ

ዕቃው ሲተመን የመጓጓዣው፣ የማራገፊያውና የጉድለቱ ወጪ ሊዘነጋ አይገባም። ከ100 ኪሎ ስኳር ውስጥ 1 ኪሎ በመፍሰስና በሚዛን ልዩነት የሚጎድል ከሆነ ወጪው የሚካፈለው ለ99 ኪሎ ነው። ይህ ሳይታሰብ ከቀረ ማኅበሩ ሳይታወቀው ካፒታሉን ይበላል። ዋጋውን ከገበያው እጅግ ዝቅ ከማድረግም ለገበያው ተቀራራቢ በሆነ ዋጋ ሸጦ ትርፉን በዓመቱ መጨረሻ መመለስ ይሻላል። አባላት በዓመት በ50,000 ብር ገዝተው፣ መጠባበቂያው ከተቀነሰ በኋላ 1,500 ብር ቢተርፍ፣ ለእያንዳንዱ ብር 3 ሳንቲም ይደርሳል። በ1,000 ብር የገዛው 30 ብር፣ በ400 ብር የገዛው 12 ብር ይመለስለታል።

የሚገዛው፣ ገንዘብ የሚይዘውና ሒሳብ የሚቆጣጠረው አንድ ሰው መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ግዢ በደረሰኝ ይደገፍ፤ በየወሩም ቀሪው ዕቃ ተቆጥሮና ተመዝኖ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፤ ውጤቱም ማንበብ ለማይችሉት ጭምር በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ዱቤን በተመለከተ ለሊቀ መንበሩም ሆነ ለዘመዱ የተለየ ፈቃድ ሊኖር አይገባም። ለአንዱ የተሰጠ ዱቤ ለሌላው የሚነፈግበት ምክንያት ስለማይኖር፣ በሦስተኛው ወር ጅምላ ሻጩ ዘንድ የሚኬድበት ገንዘብ ይታጣል። የተቸገረ ቤተሰብ ቢኖር አባላቱ ከሱቁ ገንዘብ ውጪ በራሳቸው መዋጮ ሊረዱት ይችላሉ።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጆንያው በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ጨው እርጥበት ስለሚስብ መሸፈን አለበት። በሚገባ ያልደረቀ እህል ስለሚሻግትና ስለሚነቅዝ ከመገዛቱ በፊት መፈተሽ ይኖርበታል። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒትና ማዳበሪያ ከምግብ ጋር በአንድ ክፍል ማኖር፣ የመድኃኒቱንም ዕቃ አጥቦ ዘይት መያዣ ማድረግ ለሕይወት አደገኛ ነው።

የማኅበር መሪዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያሟሉ የሚገባቸው ትክክለኛ ሚዛን፣ መዝገብና አባላት በፈቃዳቸው የተስማሙበት ደንብ ነው። እነዚህ ሲሟሉ ማኅበሩ በአንድ ኩንታል ስኳርም ቢሆን ሥራውን ሊጀምር ይችላል።